የኤሪን ውድሱ ፖስታ

ሄርሜላ ጉልላት የቀቀለችውን እንቁላል ግማሹን ልጣ እንደያዘች ስልኩ ጮኸ። ልጣጩ ጠረጴዛው ላይ ናፕኪን ላይ ተበትኗል፤ ጣቶቿ እርጥብ ናቸው። መነጋገሪያውን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አነሳችው።

«ኤሪን ውድስ» አለ አለቃዋ ሳጅን ክሌይተን። ሰውዬው ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። «የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኝቷል። ያንቺ አገር ሰው ነው። ስሙን ልጠራ ሞክሬ አቃተኝ።»

«ሞቷል?»

«አልሞተም። አልነቃምም።»

እንቁላሉን ከነልጣጩ ትታ ካፖርቷን አነሳች። መርማሪ ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም። ካናዳ፣ ካልጋሪ የመጣችው በልጅነቷ ነው፤ አማርኛዋ ለእናቷ ይበቃል፣ ለምርመራ ግን አንዳንዴ ያጥራታል። ከእሷ ሌላ የሚችል ስለሌለ የሐበሻ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ስልኩ የሚጮኸው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ኤሪን ውድስ በሚባለው ሰፈር ደብዳቤ እስከ በር አይመጣም። በየመንገዱ ጥግ ግራጫ የብረት ካቢኔ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ቤት እዚያ ላይ የራሱ ትንሽ መዝጊያና ቁልፍ አለው። ባለፈው ቀን ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ በረዶውን አቅልጦት ነበር። ሌሊቱን ብርዱ ተመለሰና መሬቱ መስታወት ሆነ። ካቢኔው ሥር፣ የብረቱ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ደም ደርቋል።

«ቁልፉ መዝጊያው ላይ እንደተሰካ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ውስጡ የጋዝ ቢልና የፒዛ ማስታወቂያ አለ። የኪስ ቦርሳው ኪሱ ውስጥ ነው። ሰዓቱ እጁ ላይ ነው። ሌባ ከሆነ ሰነፍ ሌባ ነው።»

«እንዴት ነበር የተኛው?»

«በጎኑ። ኮፍያው ራሱ ላይ ነው። ጓንቱን አጥልቋል። ሻርፑ ተጣጥፎ ጭንቅላቱ ሥር ተደርጓል።»

ሄርሜላ ቀና አለች። «ሰው በረዶ ላይ ወድቆ ሻርፑን ያጣጥፋል?»

ፖሊሱ ትከሻውን ሰበቀ። አምቡላንስ የጠራው ሰው ከነዳጅ ማደያ ስልክ ነበር የደወለው። ቴፑን በኋላ ሰማችው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ወንድሜ ወድቋል፣ ቶሎ ኑ» ይላል፣ ቦታውን ይናገራል፣ ይዘጋል። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ሴትዮ ደግሞ በመስኮት ነጭ ታክሲ ቆሞ እንደነበር አይታለች። ከዚያ በላይ አላየችም፤ ውሻዋ እየጮኸባት ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ የተጎዱት ሰው፣ ጋሼ ሞላልኝ፣ ከነቱቦአቸው ተኝተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አፀደ የታጠፈ ካፖርት ደረታቸው ላይ አቅፈው ከመዝጊያው ውጪ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልጃቸው ሐሴት ቆማለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«ፖሊስ ነሽ?» አሏት እትዬ አፀደ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የጉልላት ልጅ ነኝ።»

«የሸዋወርቅ ልጅ! እናትሽን አውቃታለሁ። ምን በላሽ ዛሬ? ጾም ትይዣለሽ?»

ሄርሜላ ጠረጴዛዋ ላይ የቀረው እንቁላል ትዝ አላት። «እሞክራለሁ። እትዬ፣ ጋሼ ሞላልኝ ወደ ሳጥኑ የሄዱት ምን ሊያመጡ ነው?»

እናትና ልጅ ተያዩ። አንዲት ነርስ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ከጋሼ ሞላልኝ እጅ የተገኘ ነው ብላ ለሄርሜላ የሰጠቻት ነገር ነበር፤ የተቀደደ የቡናማ ፖስታ ጥግ፣ የከተማው አስተዳደር ምልክት ያለበት። አወጣችና አሳየቻቸው።

«መጣ ማለት ነው» አለች ሐሴት። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦኬ፣ ሉክ። ሽማግሌ ተልኮብኛል። ኖኅ የሚባል ልጅ፣ ታክሲ ይነዳል። ዳዲ ‹እስኪ አጥንቼ ልመልስላችሁ› አላቸው። ከዛ፣ ላይክ፣ ምን አደረገ መሰለሽ? ለሲቲው ጻፈ። የኖኅን የአሬስት ሪኮርድ ጠየቀ፣ ታስሮ ያውቃል ወይ ብሎ። ሲሪየስሊ! ከጥቅምት ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል ብሎ ሬዲዮ ላይ ሰምቶ።»

«ምን ያድርግ?» አሉ እናቷ። «አገር ቤት ቢሆን መንደሩን ትጠይቂያለሽ። እዚህ መንደሩ ማነው? ሲቲው ነው።»

«ኖኅ ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል» አለች ሐሴት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ግን ኖኅ አልነካውም። አይ ስዌር።»

በዚህ መሀል የአሳንሰሩ በር ተከፈተና ጋሼ ቴዎፍሎስ መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሐበሻ ሁሉ ብድግ አለ። ጋሼ ቴዎፍሎስ የተላኩት ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው። ከዚያም በላይ፣ ካልጋሪ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጋጩ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የሄርሜላንም እናትና አባት አንዴ አስታርቀዋል።

«እንደው ምን ጉድ ነው» አሉ፣ እጆቻቸውን እፍ እፍ እያሉ። «እኔ ጉንፋን ይዞኝ ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። አሁን ስሰማ በአውቶቡስ መጣሁ። ተረፈ?»

«ተርፏል። ግን አይናገርም» አሉ እትዬ አፀደ።

ጋሼ ቴዎፍሎስ በመስታወቱ አሻግረው ጓደኛቸውን አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሄርሜላን፣ «አንቺ ልጅ፣ ጎበዝ። ፈልጊ» አሏትና ፊታቸውን አዞሩ።

ሄርሜላ በማግስቱ ጠዋት ለከተማው አስተዳደር የመረጃ ክፍል ደወለች። የተረጋጋ ድምፅ ያላት ሠራተኛ አነሳች።

«ሞላልኝ የሚባል ሰው ስለ አንድ ኖኅ ስለሚባል ወጣት ጥያቄ አቅርቦ ነበር?»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «አዎ፣ ስሙ አለ። መልሱን በፖስታ ልከናል።»

«ምን ይላል?»

«መርማሪ ለመሆንዎ በስልክ ማረጋገጫ የለኝም። በጽሑፍ ይጠይቁኝ።»

ሄርሜላ አመስግና ዘጋች። በፖሊስ ኮምፒዩተሩ ላይ የኖኅን ስም አስገባች። ምንም የለም። የትራፊክ ቅጣት እንኳን የለም። ንጹሕ የሆነ ሰው ንጽሕናው የተጻፈበትን ወረቀት ለምን ይሰርቃል?

«ንጹሕ መሆኑን እኛ እናውቃለን» አለ ሳጅን ክሌይተን። «እሱ ግን ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አያውቅም። ታክሲውን አይተውታል። ሰኞ ክሱን እንጽፍለታለን።»

«ዜጋ አይደለም። ከተፈረደበት ያባርሩታል።»

«እስከ ሰኞ ጊዜ አለሽ» አለ ሳጅኑ፤ ወደ ክፍሉ ገባ።

ኖኅ የሚኖረው ማርልቦሮ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ የምድር ቤት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ሲከፍትላት ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቀሚስ የሚያህል ፎጣ በእጁ ይዞ ሳህን ያደርቅ ነበር፤ እጆቹ አካፋ ያህላሉ።

«እህቴ፣ ግቢ። ሻይ ላፍላልሽ?»

«ቆይ። ትናንት ኤሪን ውድስ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

እንዲህ ቶሎ ያምናል ብላ አልጠበቀችም። «ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆመህ ነበር?»

«ቆሜ ነበር።»

«ወረድክ?»

 የደረቀውን ሳህን እንደገና ማድረቅ ጀመረ።

«ኖኅ፣ ሳህኑ ደርቋል። ከታክሲው ወረድክ ወይ?»

«አልወረድኩም።»

«ታዲያ ለምን ቆምክ? ሰው ይዘህ ነበር?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

«ብቻህን ሄደህ፣ ቆመህ፣ ሳትወርድ ተመለስክ?»

«እንደዛ በይው።»

«እኔ አይደለሁም የምለው፣ ሳጅኑ ነው የሚለው። ሰኞ ትከሰሳለህ። ካናዳን ትለቃለህ። ሐሴትንም።»

ሳህኑን አስቀመጠ። «ሐሴትን ያጣሁት ፖስታ ሲጠየቅ ነው» አለ። «አባቷ ሲጠይቁ ግን አልተቀየምኩም። እኔ እዚህ አገር ወላጅ የለኝም። ታላቅ ወንድም የለኝም። ማነው ይሄ ልጅ ቢሉ ትክክል ናቸው። እኔ ጋ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እሱን አልሰጥሽም።»

«ምኑን?»

«ሻይ ላፍላ?» አለ ኖኅ።

ደረጃውን ስትወጣ የሚዋሽ ሰው ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ግን የሚዋሽ ሰው ቆሜ ነበር አይልም፤ እውነት የሚናገር ሰው ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ ብሎ መሬት መሬት አያይም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። መስታወቱ በትንፋሿ ተሸፈነ። እንደ ሥዕል መገጣጠሚያ ጨዋታ ነው፣ አለች፤ ቁርጥራጮቹ ሁሉ እጄ ላይ ናቸው፣ ግን የሁለት ሥዕል ናቸው።

ሆስፒታል ስትመለስ እትዬ አፀደ የባላቸውን ልብስ ከከረጢቱ እያወጡ ያጣጥፉ ነበር። ጃኬት፣ ሱሪ፣ ሻርፕ። ከጃኬቱ ኪስ ጥቁር ጓንት አወጡ። ከከረጢቱ ሥር ደግሞ ሌላ ጓንት፤ ግራጫ ሱፍ፣ መዳፉ ላይ ቆዳ የተሰፋበት።

«ሁለት ጓንት?» አለች ሄርሜላ።

«ጥቁሩ የሱ ነው። ሐሴት ናት የገዛችለት። ይኼኛውን አላውቀውም።»

ሄርሜላ ነርሷን ፈልጋ አገኘቻት። «ያ የፖስታ ጥግ ከእጁ ነው የተገኘው ብለሽኛል። ከየትኛው እጁ?»

«ከቀኙ። ጨብጦት ነበር። ጓንቱን ሳወልቅለት ከመዳፉ ወደቀ።»

«ከጓንቱ ውስጥ?»

«ከውስጥ» አለች ነርሷ፤ ምን ያስገርማል በሚል ፊት።

ሄርሜላ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሞላልኝ ቁልፉን ለማዞር ጥቁር ጓንታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተዋል። ፖስታውን በባዶ እጅ ይዘዋል። ከተቀደደ በኋላ፣ ከወደቁ በኋላ፣ ሌላ ሰው የራሱን ጓንት አውልቆ አጥልቆላቸዋል። ግራጫውን ጓንት በራሷ እጅ ለካችው። ልክ ሆነላት። የኖኅ ግን አውራ ጣቱም አይገባበት።

ተመልሳ እትዬ አፀደ አጠገብ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ኖኅ ምንም ሪኮርድ የለውም። እሱን ለማዳን ብሎ ማን ይሄን ያደርጋል?»

እትዬ አፀደ እንደ ሞኝ ልጅ አዩዋት። «ኖኅን ብቻ ነው እንዴ የጠየቀ መሰለሽ?»

«ታዲያ ማንን?»

«ልጄ፣ አንቺ እዚህ አድገሽ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ልጁን ብቻ ማን ያጠናል? ልጅማ ምን ይታያል፣ ሁሉም ለጋ ነው። ወገኑ ነው የሚጠና። ይሄ ልጅ ወገን የለውም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኔ ቁጭ ብለው ‹ወገኑ እኛ ነን፣ እንደ አባት ቁጠሩን› አሉ። ሞላልኝ ደግሞ የተባለውን የሚይዝ ሰው ነው። ወገኑ ከሆናችሁ አለና የሦስቱንም ስም ጨመረ።»

«ነገራቸው?»

«አይደብቅማ! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ነገራቸው። ሁሉም ሳቁ።»

ጋሼ ቴዎፍሎስ ኮሪደሩ ላይ ያለ ጓንት እጆቻቸውን እፍ እፍ ሲሉ ሄርሜላ ትዝ አሏት። «ጋሼ ቴዎፍሎስስ?»

እትዬ አፀደ ሻርፑን ማጠፍ አቆሙ። «እሳቸውም ሳቁ» አሉ ቀስ ብለው።

ሄርሜላ ከኮሪደሩ ስልክ እንደገና ለመረጃ ክፍሉ ደወለች። «ጠዋት ስለ አንድ ስም ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። ሌላ ስም አለ?»

«አራት ስሞች ናቸው» አለች ሠራተኛዋ። «አልጠየቁኝም እኮ።»

ጋሼ ቴዎፍሎስ ሜይላንድ ሃይትስ ውስጥ፣ ከዲርፉት አውራ ጎዳና በላይ ባለ ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩን ከፍተው ሲያዩዋት እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበራቸው። ግራጫ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«የእርስዎ ነው?»

«እጁ በርዶት ነበር» አሉ።

 የመኪኖቹ ድምፅ ከታች ይሰማል።

«ኖኅ ነው ያደረሰዎት።»

«ሞላልኝ ጋ ጣል አድርገኝ አልኩት። ጥግ ላይ ወረድኩ። ልጁ ምንም አያውቅም። ተናገረ?»

«አልተናገረም። ብቻዬን ነበርኩ ነው የሚለው። ሰኞ ሊከሰስ ነው።»

ጋሼ ቴዎፍሎስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንደ አባት ቁጠሩኝ አልኩ» አሉ ለራሳቸው። «ቆጠረኝ።»

«ጋሼ፣ ሪኮርድዎን አይቻለሁ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት።»

«አንቺ አየሽው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩወርቅን መታኋት። ሚስቴን። እዚህ አገር በመጣን በሁለተኛው ክረምት። ጠጥቼ ነበር፤ ግን መጠጡ አይደለም የመታት። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። አሰሩኝ። ክሱን እሷ ተወችልኝና ኤድመንተን ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። ሰዎቹ ሽምግልና ሲጠሩኝ መጀመሪያ እንቢ አልኩ። ከዚያ ሄድኩ። ሚስቱን የሚመታ ሰው ቤት ገብቼ ያንን ሰው ፊት ለፊት ሳየው ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቃለሁ። ለምን እንደማውቅ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሞላልኝ ጠየቀ።»

«ገፏቸው?»

«ሳታየው ስጠኝ አልኩት። በኋላ እኔው እነግርሃለሁ አልኩት። እምቢ አለ። ያዝኩት፣ ያዘው፣ ገፋሁት። ወደቀ። ሻርፑን ጭንቅላቱ ሥር አድርጌ ከነዳጅ ማደያው አምቡላንስ ጠራሁለት።» እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱና ቡናማ ፖስታ አወጡ። ጥጉ ተቀዷል። ክዳኑ ግን እንደታሸገ ነው።

ሄርሜላ አገላብጣ አየችው። «አልከፈቱትም?»

«የሰው ደብዳቤ ነው» አሉ ተቆጥተው። «የሰው ደብዳቤ እከፍታለሁ?»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችውና ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጋሼ ሞላልኝ እሁድ ከሰዓት ነቁ። ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐሴት እጃቸውን ይዛለች። ሄርሜላ ፖስታውን ይዛ ገባችና ስለ ጋሼ ቴዎፍሎስ ጠየቀቻቸው።

«ገፋኝ አለ?»

«አዎ።»

«አልገፋኝም። ይዞት ነበር፣ እየጎተትኩት ነበር፣ ለቀቀው። ስለለቀቀው ወደቅኩ።»

«እሳቸው ገፋሁት ነው የሚሉት።»

«እሱ ሁልጊዜ ጥፋት ወደራሱ ይወስዳል። ሽማግሌ አይደል።» ዓይናቸው ፖስታው ላይ አረፈ። «ክፈችውና አንብቢልኝ። መነጽሬ የለም።»

ፈቃዳቸውን ሁለቴ ጠይቃ ከፈተችው። አንድ ገጽ ነው። ቀስ ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች፦ የተጠየቀው መረጃ እዚህ መሥሪያ ቤት አይገኝም። ፖሊስ ዘንድ ቢገኝም፣ የሌላ ሰው የእስር መዝገብ ያለዚያ ሰው ፊርማ ለማንም አይሰጥም። ስለ ራስዎ መዝገብ መጠየቅ ከፈለጉ ቅጹ ከጀርባ አለ።

«ከዚህ ሌላስ?»

«ከዚህ ሌላ የለም።»

ጋሼ ሞላልኝ መሳቅ ጀመሩና ፋሻቸውን ይዘው አቆሙ። «ባዶ ወረቀት ነው የተጣላንበት?»

«ዳዲ፣ አትሳቅ፣ ስፌቱ» አለች ሐሴት። ከዚያ ፊቷን ወደ ሄርሜላ አዞረች። «ኖኅስ?»

«ሳጅኑን አናግሬዋለሁ። ኖኅ ነገ አይከሰስም። ጋሼ ቴዎፍሎስ የሰጡት ቃልና አባትሽ የሰጡት ቃል ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። አይገጥሙም። ሁለቱንም እንዳሉ እጽፋቸዋለሁ።»

«ቴዎፍሎስ ምን እንደደበቀ አውቀሻል» አሉ ጋሼ ሞላልኝ።

«አውቃለሁ። አልነግርዎትም።»

«አትንገሪኝ። ለሱ ግን ንገሪልኝ፦ ስለ ሐሴት መልስ ያልሰጠሁት በኖኅ ምክንያት አይደለም። ልጁንማ ሳህን ሲያጥብ አይቼዋለሁ። መልስ የምሰጠው ወገኑ ለሆነው ሰው ነው። የራሱን መዝገብ ራሱ ያውጣው፣ ራሱ ይዞት ይምጣ፣ እዚህ ፊቴ ያንብበው። ከዚያ ‹ስጥ› ቢለኝ እሰጣለሁ።»

«ካላመጡስ?»

ጋሼ ሞላልኝ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሐሴትም መልሱን ጠበቀች። 

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቴዎፍሎስ ፖሊስ ጣቢያ ቃላቸውን ፈርመው ሲጨርሱ ሄርሜላ ወረቀቱ የሚለውንና የጋሼ ሞላልኝን መልእክት ነገረቻቸው። ተነስተው ባርኔጣቸውን አነሱ። መልሰው አስቀመጡት። ውጪ፣ በመስታወቱ በኩል፣ ነጭ ታክሲ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ኖኅ ውስጡ አለ፣ ወደ በሩ ያያል።

«ምን ትይዋለሽ አንቺ?» አሉ። «እሱ ፊት ማንበቡን።»

«አላውቅም፣ ጋሼ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።» ጓንቱን ለኤግዚቢት ጠቅልላዋለች። እጃቸውን አየች፤ ብርዱ ሰነጣጥቆታል። ያ እጅ የእናቷን እጅ አንዴ በአባቷ እጅ ላይ አስቀምጧል። ያ እጅ ጥሩወርቅንም መትቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ልታስብ ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ተወችው።

«የራስን መጠየቅ ይቻላል ይላል አይደል ወረቀቱ?»

«ይቻላል። ፊርማ ብቻ ነው።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «እንግሊዝኛው ይከብደኛል። ጻፊልኝ።»

ከመሳቢያዋ ቅጹን አወጣች። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የሜይላንድ ሃይትሱን አድራሻ ጻፈች። የሚጠይቁት ምንድነው የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ሁሉንም በይ» አሉ።

ጻፈች። እሳቸው ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን በአማርኛ ፈረሙ፣ ብዕሩን መለሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ሄርሜላ ቅጹን ለሦስት አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን በምላሷ አረጠበች፣ በመዳፏ ጫን አድርጋ አጣበቀች፣ የወጪ ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ አስቀመጠችው።